አሥራ ሁለተኛው ተሳፋሪ

ሩቂዬ፣ እንዴት አደርሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? አልሐምዱሊላህ። እሰይ፣ እንኳን በሰላም ገባሽልኝ! ኩታበር እንዴት ነው፣ እህትሽስ ተሻላት? ትናንት መግባትሽን ሰምቼ ብቅ ልል ነበር፤ ዝናቡ ከቤት አላስወጣኝ አለ። ዛሬ ደግ ፀሐይ ወጣ። ነሐሴ በዘጠኝ እንዲህ ያለ ፀሐይ አይቼም አላውቅ… ወንፊትሽን ልመልስ ነው የመጣሁት። አቆየሁብሽ አይደል? አፉ በይኝ እቴ። ኧረ አትነሺ! ወደ ውስጥም አንግባ። እዚችው አጥሩ ሥር በርጩማ ስጪኝና ምስርሽን አብሬሽ ልልቀም።

ድምፄ በዛብሽ እንዴ? ምን ላድርግ፣ ብርዱ ጆሮዬን ደፍኖት የራሴን ድምፅ አልሰማ ብዬ ነው። ደግሞስ እኔና አንቺ ምን የሚደበቅ ነገር አለን? … ይቺ ከቆርቆሮው ሥር የምትታየው ቢጫ ነጠላ ጫማ የማን ናት? አይ፣ እንዲሁ ነው። ቀለሟ ደስ አለኝ። ቅድም ስትራመድ ነበር፣ አሁን ቀጥ አለች። ባለቤቷ ልብስ እያሰጣች ይሆናል። ታስጣ፣ ፀሐይ ነው።

ዓይንሽ ወደኛ ደጅ ሲሄድ አይቻለሁ። አዎ፣ ያቺ ሳር ተሸክማ የምትገባው ጸደንያ ናት። … አልሄደችም። አንቺ ወደ ኩታበር ስትነሺ ግንባሯን ስመሽ፣ ያንን የሱፍ ካልሲ ሰጥተሽ፣ «አቀስታ ብርድ ነው፣ ይሄን እንዳትረሺ» ብለሻት አልነበር? ካልሲውንማ አልረሳችም። እግሯ ነው የቀረው።

ኧረ አላመማትም! ምንም አልሆነችም። ቦታ ጠበበ፣ በቃ። ግን የኔን ልጅ ተይያት። እስኪ ስለ አንዲት እናት ላውራሽ። ስም አልጠራም። ስም መጥራት ምን ይሠራል? ስሙማ በሁሉ ነገር ላይ ተጽፏል፤ እደርስበታለሁ። እኔ ምቀኛ አይደለሁም፣ አሽሙርም አላውቅበትም፤ የሰው ጉብዝና ሳይ ደስ ስለሚለኝ ነው የማወራው። እናት ማለት እንደዚያች ናት! እኛማ ወለድን እንጂ መቼ አሳደግን?

ነገሩን ታውቂዋለሽ። ከመካነ ሰላም አሥራ ሁለት ልጆች በፈተና ተመርጠው፣ አቀስታ እዚያው እያደሩ አሥር ቀን ሳይንስ ይማራሉ የተባለው የክረምት ካምፕ ነው። ከነሐሴ አንድ እስከ ነሐሴ አሥር። ጸደንያ አንደኛ ወጣች፤ ለወሬ ያህል ነው የምነግርሽ። የዚያች እናት ልጅ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ወጣ። ምን ያንሰዋል? አሥራ ሁለተኛ ባይኖር አንደኛዋ ማንን ትበልጥ ነበር? ከዚያ ለየቤቱ አንዳንድ ወረቀት ተላከ። ሁለት ቅያሬ ልብስ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ ስንቅ ይላል። ከታች ደግሞ «በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የተማሪው ስም ይጻፍ» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል… እኔ አላልኩም፣ የጥንት ሰዎች ናቸው። ያቺ እናት ግን ብልህ ናት። ወረቀቱን ይዛ አልቀረችም፣ አስፋፋችው።

አንድ ብርድ ልብስ ያለውን ሦስት አደረገችው፤ ከላይ የሱፍ ባና፣ ከሥር ፍራሽ ጨመረችበት። የጥርስ ብሩሽ አራት። ልጁ ያለው አፍ አንድ ነው፣ ግን ማን ያውቃል? ውሃ በሃያ ሊትር ጀሪካን፣ «የሰው አገር ውሃ ሆድ ይነፋል» ብላ። አቀስታ የሰው አገር ሆነችልሽ! በሶው በኬሻ፣ ቆሎው በኬሻ፣ የተቀቀለው ድንች በቅርጫት። እኔም ጎረቤት አይደለሁ፣ ላግዝ ብዬ ሄድኩ። ስም ሲጻፍ ነው የደረስኩት። ካልሲው ላይ፣ ግራውና ቀኙ ላይ ለየብቻ። ሳሙናው ላይ በመርፌ። ጀሪካኑ ላይ በቀለም። ድንቹ ላይ፣ ሩቂያ፣ እያንዳንዱ ድንች ላይ በእስክሪብቶ ከነአባቱ ስም! ልጁ ድንቹን ሲልጥ ስሙም አብሮ ይላጣል ብሎ የነገራት የለም። እኔም አልነገርኳት፤ የሰው ደስታ አላበላሽም። እንዲያውም ስሙ ረጅም ስለሆነ ትንንሾቹ ድንቾች አልበቃ ብለዋት ስትጨነቅ ትልልቁን እየመረጥኩ አቀበልኳት።

ልምምዱንስ ረሳሽው? «ልጄ ከቤቱ ርቆ ማደር ይልመድ» ተብሎ አንቺ ቤት አልነበር የመጣው? አጥር ለአጥር! ሃያ እርምጃ! ስንቅ ተቋጥሮለት፣ በር ላይ ተለቅሶለት ተሸኘ። ከዚያ እሷም ትራሷን ይዛ ተከተለችው። ሁለቱም አንቺ ቤት አደሩና በነጋታው «ለመደ» ተባለ። እኔም እውነቷን ነው አልኩ። ከእናቱ ጋር ማደር ለመደ።

መሄጃው ቀን ደረሰ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጠዋት መናኸሪያ ተሰበሰብን። በኮንትራት የተያዘው አንድ ሚኒባስ ነው፤ አሥራ ሁለት ልጅ፣ አሥራ ሁለት ወንበር። የአሥራ አንዱ ልጆች ዕቃ ተሰብስቦ የጣሪያውን ሩብ አልያዘም። ከዚያ የዚያ ልጅ ዕቃ በጋሪ መጣ። በጋሪ ነው ያልኩሽ፤ ሁለት ጋሪ። ከሁለተኛው ጋሪ ኋላ ደግሞ አንድ የሰባ ሙክት በገመድ እየተጎተተ ይመጣል።

አዎ፣ በግ። አትሳቂ እንጂ! ምክንያት አላት እኮ። ልጁ ፍልሰታን ይጾማል፤ የጨዋ ልጅ ነው። ጾሙ የሚፈታው ነሐሴ አሥራ ስድስት ነው። ካምፑ የሚያልቀው ነሐሴ አሥር። «ታዲያ በጉ ለምን አስፈለገ?» ብዬ በየዋህነት ጠየቅኋት። «ቢራዘምስ?» አለችኝ። «ቢያቆዩብኝስ? ልጄ በሰው አገር በሽሮ ይፈስክ?» አስቢው እስኪ! እኛ ለነገ ቁርስ ማሰብ አቅቶናል፣ እሷ ለማይመጣ ፍስክ በግ አሰናድታለች። ሙክቱ አንገት ላይ ደግሞ ካርቶን ተንጠልጥሏል። የተጻፈበትን አልነግርሽም፤ ስም አልጠራም ብያለሁ።

ጣሪያ ላይ ይታሰር ሲባል «ዝናብ ከመታው ይከሳል» አለች። ሐቋን ነው፣ በግ ይከሳል፤ ሰው ነው ዝናብ የሚስማማው። እንግዲያውስ ውስጥ ይግባ ተባለ። «የጸደንያ እናት፣ እባክሽ ከኋላ ግፊልኝ» አለችኝ። እኔ ሞኟ ገፋሁ! በዚህ እጄ ነው የገፋሁት ሩቂዬ፣ በዚሁ ምስርሽን በምለቅምበት። ጸደንያዬም ከታች ሆና ፍራሹንና ቅርጫቱን እያነሳች ታቀብላለች። አስተዳደግ ነዋ! «ትልቅ ሰው ሲሠራ ቆመሽ አትይ» ብዬ ያሳደግኋት እኔው ነኝ። ልጆቹ ሁሉ ገብተው ተቀምጠዋል፤ የኔዋ ጭቃ ውስጥ ቆማ የሰው ድንች ታቀብላለች።

ሙክቱ የኋላው ወንበር ላይ ወጣ። ብርድ እንዳይመታው ጋቢ አለበሰችው። ከልጁ ሦስት የሱፍ ኮፍያዎች አንዱን ደግሞ ራሱ ላይ ደፋችለት። ረዳቱ በሩ ጋ ቆመ። መስታወቱ ጉም ለብሷል፣ ዕቃው እስከ ጣሪያ ደርሷል፣ የሚታየው ራስ ብቻ ነው። ቆጠረ። አሥራ ሁለት። «ሞልቷል! ሳበው!» አለ።

«ኧረ ልጄ ቀረች!» ብዬ ጮህኩ። «እናቴ፣ ኮንትራቱ አሥራ ሁለት ነው፤ አሥራ ሁለት ሞልቷል» አለኝ። «አንዱ እኮ በግ ነው!» ብለው፣ «እኔ የምቆጥረው ራስ ነው» አይለኝ መሰለሽ! ያቺ እናት አንድ ነገር ትላለች ብዬ ዞሬ አየኋት። በጉን ላውርድ ትላለች ብዬ። «ዕቃው ተደራርቦበታል፣ አሁን ማን ያወርደዋል?» አለች። ከዚያ ማር በሚያንጠባጥብ አፏ የልጄን አገጭ ይዛ፣ «ጸደንዬ፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ፤ ነገ ሌላ መኪና ይመጣል» አለቻት። ሚኒባሱ ሄደ። ሙክቱ በኋላ መስታወት ዞሮ አየን። ኮፍያው አምሮበት ነበር፣ እውነቱን ልናገር።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲሉ እሰማ ነበር። በግ ግን አይጠብቅም፣ ባንዴ በሚኒባስ ይሄዳል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲሉም እሰማ ነበር… ኧረ ይሄኛውን ተይው።

ጸደንያ አመነቻት። ልጅ አይደለች፣ ትልቅ ሰው ያለውን ታምናለች። በነጋታው በጠዋት ፌስታሏን ይዛ መናኸሪያ ወጣች። በሕዝብ መኪና ልላክሽ ብላት፣ «እማ፣ የተላከልኝ መኪና መጥቶ ቢያጣኝስ?» አለችኝ። እስኪመሽ ጠበቀች። በሦስተኛውም ቀን ወጣች። ከአቀስታ በኩል መኪና በመጣ ቁጥር «ለኔ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሹፌሮቹ ለመዷትና «ያቺ የነገዋ ልጅ» ብለው ስም አወጡላት። አንጀቴ ተቃጠለ ሩቂዬ። ይሄንን አጣምሜ አልናገረውም፤ ተቃጠለ በቃ።

በዚያው ቀን ለካምፑ ኃላፊ ለመምህር ምስክር ደወልኩለት። «መኪናውን መቼ ትልኩልናላችሁ?» አልኩት። «የምን መኪና?» አለኝ። «የጸደንያን ነዋ!» «ጸደንያማ እዚህ ናት፤ አሥራ ሁለቱንም ረዳቱ ቆጥሮ አስረክቦናል፣ ፈርሜ ተቀብያለሁ» አለ። እዚያ ናት! አጠገቤ ቆማ አፌን አፌን ታየኛለች። «እስኪ አገናኘኝ» አልኩት። «ቆይ፣ አሥራ ሁለተኛው አልጋ ጋ ልሂድ» አለ። እርምጃው ይሰማኛል። በር ተከፈተ። ከዚያ «ባዕዕዕ!» አለኝ።

እኔ ምን ልበል? «ጤና ይስጥልኝ» አልኩት። ለካስ ዕቃ ቤቱ በዚያ ልጅ ኬሻ ስለሞላ፣ ውጭውም ዝናብ ስለሆነ፣ ልጆቹ ሙክቱን ከባዶው አልጋ እግር ጋ አስረውታል። ለሦስት ቀን የልጄን ቦታ ይዞ የሚያመሰኳው እሱ ነው። አባቴ በለጥሻቸው ብሎ ሲሰይመኝ በግ ይበልጣታል ብሎ መቼ አሰበ!

መምህሩ ደንግጦ፣ «ዛሬውኑ በሕዝብ መኪና ላኪያት» አለኝ። ፌስታሏን አንስተን ወጣን። መናኸሪያ ስንደርስ ናዳ ወርዶ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። የተከፈተው ትናንት ነው፣ አንቺ የገባሽ ዕለት። ነገ ደግሞ ነሐሴ አሥር ነው። አለቀ።

ከዚያ ወዲህ መምህር ምስክር አፍሮ መሰለኝ በየቀኑ እየደወለ ወሬ ይነግረኛል። ጠዋት ልጆቹ ሲሰለፉ ሙክቱም ይሰለፋል አሉ። ያ አንገቱ ላይ የተጻፈው ስም ሲጠራ ሁለት ድምፅ «አቤት» ይላል። ማን ቀድሞ እንደሚመልስ አልጠየቅሁትም፤ የሰው ልጅ ከበግ ጋር ማወዳደር ነውር ነው። አንድም ቀን ሳይቀር የተማረው ግን ሙክቱ ነው ይላሉ። ሰርተፊኬቱም አሥራ ሁለት ተዘጋጅቶ ነበር፤ በጸደንያ ስም የተጻፈውን በልቶታል። ይብላው። የተማረው እሱ አይደል?

ልጁስ አትይኝም? ልጁን ፈጣሪ ይባርከው፣ እሱ ምን አጠፋ! ከዚያ ሁሉ ኬሻ አንዱንም አልፈታም። ከካምፑ ጓደኛው ከጀብሪል ጋር በአንድ ብርድ ልብስ እየተኛ፣ የካምፑን ሽሮ እየበላ፣ የአቀስታን የቧንቧ ውሃ እየጠጣ ፊቱ ሞልቷል አሉ። እናቱ ስትሸኘው «በብርድ አፍህን ከፍተህ አትሳቅ፣ ጉሮሮህ ይታመማል» ብላ መክራው ነበር፤ ሲስቅ ነው የሚውለው አሉ። በስድስተኛው ቀን መምህሩ «እናትህን በስልክ ላገናኝህ?» ቢለው፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ካምፑ አይራዘምም ወይ?» አለው። አየሽ የእናትን ነገር? እሷ ይራዘማል ብላ በግ አሰናዳች፣ እሱም ይራዘም ብሎ ተመኘ። ልባቸው አንድ ነው።

… ምነው ቢጫዋ ጫማ ተንቀሳቀሰች? ልብሱ ደረቀላት መሰል። ኧረ ገና ነው! ትቆይ፣ ፀሐዩ ገና መክረሩ ነው።

ጸደንያ ምን ይዛ ልትሄድ እንደነበር ልንገርሽ? አንድ ፌስታል። ቅያሬዋን፣ ብርድ ልብሷን፣ ያንቺን ካልሲ፣ አንድ ጣሳ በሶ። ከዚያ ደግሞ በአንዲት የሳል መድኃኒት ጠርሙስ የኩሬ ውሃ። «ይሄን ደሞ ምን ልታደርጊው?» ስላት፣ «እማ፣ እዚያ ማይክሮስኮፕ አለ አሉ። ውሃው ውስጥ ምን እንደሚኖር አያለሁ» አለችኝ። ጠርሙሱ አሁንም መስኮቱ ላይ አለ። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል፤ ልድፋው ስላት እምቢ አለችኝ። ያቺ እናት ሃያ ሊትር ላከች፣ የጠጣው የለም። የኔ ልጅ አንዲት ጉንጭ የማትሞላ ውሃ ይዛ ቦታ ጠበባት። በቃ፣ ተይው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔም ለዚህ ነው ምንም ያልተናገርኩት።

ደግሞስ ያቺ እናት መቼ ዋሸች? ይኸው ነገ መኪናው ይመጣል፤ አሥራ አንዱን ልጆችና ሙክቱን ይዞ። ጸደንያ ዛሬ ጠዋት ማጭድ ይዛ ስትወጣ «ወዴት ነው?» ብላት፣ «ለበጉ ሳር ላጭድ፤ ከመንገድ ሲገባ ይርበዋል» አለችኝ። ልጅ ናት። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ነኝ። ሳር ባላጭድ መመረቅ አያቅተኝም።

ነይ እስኪ፣ ምስሩን አስቀምጪና እጃችንን እንዘርጋ፤ አንቺ አሚን በይ፣ እኔ አሜን እላለሁ። ያቺን እናት ፈጣሪ ዕድሜ ይስጣት። ልጇን ለቁም ነገር ያብቃላት፣ እጁ ላይ ትጡር። ከደጇ በግ አይጥፋ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ያ የማይቀረው ቀን ሲመጣም አይጨንቃት፤ ስንቋ ሙሉ ይሁን፣ ስሟ በሁሉ ላይ ተጽፎ ትሂድ። በገነት በር ቆሞ የሚቆጥረው መልአክም፣ ከፊቷ ኮፍያ ያደረገ በግ ገብቶ ቢያገኝ እንኳ፣ አገጯን ይዞ… «ሞልቷል እቴ፤ አንቺ ጠንካራ ነሽ፤ ነገ ሌላ መኪና ይመጣል» አይበላት። አሜን በይ፣ ሩቂዬ። ጮክ ብለሽ።